ክሬም አይደለም

ልጄ መጀመሪያ የወደቀችው ሆላንድ ውስጥ፣ ኒው ዌስት ሰፈር ከሚገኘው ቤታችን አጠገብ፣ አብረን ትራም ስንጠብቅ ነው። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ቦርሳዬን ዘግቼ ዞር ስል መሬት ላይ ናት። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። «በስመ አብ» ብዬ ሳልጨርስ ዓይኗን ገለጠች።

«ማማ፣ ምን ያስጮህሻል? ሰው እያየን ነው» አለችኝ።

ሁለተኛ ጊዜ የወደቀችው ትምህርት ቤት፣ ደረጃ ላይ ነው። የፊት ጥርሷ ተሰበረ።

የልብ ሐኪሙ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል አለን። አንዱ በዕድሜዋ ያሉ ልጆችን የሚገጥማቸውና ሲያድጉ የሚተዋቸው ዓይነት ነው። ሌላው ግን ልቧ ለአፍታ የሚቆምበት ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት፣ በምትወድቅበት ሰዓት ልቧ ምን እንደሚያደርግ መታየት አለበት። መሣሪያውን የሰጡን ለዚህ ነበር።

ከክብሪት ቀፎ ያነሰ ነገር ነው። በፕላስተር ደረቷ ላይ፣ በግራ በኩል ይለጠፋል። ለሁለት ሳምንት አይወልቅም፤ ፕላስተሩ ብቻ በየሦስት ቀኑ ይቀየራል። ነርሷ አለጣጠፉን አሳየችን።

«ይህ መሣሪያ መጀመሪያ የሚፈልገው ልብን አይደለም፤ ቆዳን ነው» አለች። «ቆዳ መንካቱን ካላረጋገጠ፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ነው የሚመስለው። ያኔ ምንም አይመዘግብም። ስለዚህ ቦታው በውኃ ብቻ ታጥቦ ይድረቅ። ክሬም የለም፣ ሎሽን የለም፣ ዘይት የለም።»

ራሴን ነቀነቅኩ። ሥራዬ አረጋውያን መንከባከብ ነው። ስንት አዛውንት አጥቤ፣ ስንት ፕላስተር ቀይሬአለሁ። የሚነገረኝ ነገር ያለ አልመሰለኝም።

በዚያው ሰሞን እሑድ፣ ሮተርዳም ቅዳሴ ላይ፣ የልጄን ክርስትና እናት አገኘኋት። እሷ የምትኖረው ዴን ሃግ ነው። ከአገር ቤት ከተመለሰች ገና ሳምንቷ ነበር። ከጸበል ቦታ ያመጣችውን እምነት፣ የተባረከውን ግራጫ ትቢያ፣ በትንሽ ላስቲክ ጠቅልላ መዳፌ ውስጥ አስቀመጠችልኝ።

«በጸበል ለውሰሽ ደረቷን ቀቢያት። ጉልበቴን ያሻለልኝ ይሄው ነው» አለችኝ።

«ጉልበትሽንስ ያሻለልሽ መክሳትሽ ነው» አልኳት።

«አንቺ ደግሞ ፈረንጅ ሆነሽ አረፍሽው!» ብላ ትከሻዬን መታችኝ። ሳቅን። ላስቲኩን ግን በሁለት እጄ ተቀብዬ ተሳለምኩት።

ማግስቱ ፕላስተር የሚቀየርበት ቀን ነበር። ልጄ ከትምህርት ቤት በፊት አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ደረቷን በውኃ አጥቤ አደረቅኩ። ከዚያ እምነቱን በጣቴ ነክቼ በመስቀል ምልክት ቀባኋት።

«ምንድነው የሚቀዘቅዘው?» አለች፣ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ።

«እምነት ነው። አባታችን ሆይ በይ።»

ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስቀባት ስለኖርኩ ለምዳዋለች። ደረቅ ሲል መሣሪያውን በላዩ ለጠፍኩት። አረንጓዴ መብራቱ ብልጭ አለ። ተመስገን አልኩ።

ረቡዕ ዕለት መምህሯ ሥራ ቦታ ደወለልኝ። ስፖርት አዳራሽ ውስጥ ወድቃለች። ነቅታለች፣ ደህና ናት፣ አለኝ። እየሮጥኩ ሄድኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ እየሮጥኩ ውስጤ ደስ ብሎት ነበር። አሁን ታይቷል፣ አሁን ይታወቃል እያልኩ ነበር።

ሆስፒታል ስንደርስ ነርሷ መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር አገናኝታ መስመሮቹን ወደ ኋላና ወደ ፊት አየች። ከዚያ ወደ ልጄ ዞረች።

«ከስፖርት በፊት አውልቀሽው ነበር?»

«አላወለቅኩትም።»

«ከትናንት በስቲያ ጠዋት ጀምሮ አንዴ ቆዳ ያገኛል፣ አንዴ ያጣል። ዛሬ የወደቅሽበት ሰዓት ባዶ ነው። ቆዳ አልነካም ይላል። ብዙ ወጣቶች ያወልቁታል እኮ። የሚቆጣሽ የለም።»

ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ማማ፣ ኤኽት ዋር፣ እውነቴን ነው! ንገሪያት እንጂ!»

መሣሪያውን እንደምታፍርበት አውቃለሁ። አንገቷ ድረስ የሚደርስ ሹራብ የምትለብሰው ለመደበቅ ነው። ያ ትዝ አለኝና፣ «እውነቱን ተናገሪ» አልኳት።

አየችኝ።

ነርሷ ፕላስተሩን ቀስ ብላ ላጠችው። ከሥሩ ቆዳዋ በላብ የራሰ ግራጫ ነገር ነበረበት። በነጭ ጥጥ ጠርጋ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቀረበችው።

«ይህ ምንድነው?»

እኔ የሥራ ሆላንድኛ እንጂ የቤተ ክርስቲያን ሆላንድኛ የለኝም። «እምነት» አልኩ፣ በአማርኛ።

ነርሷ ልጄን አየቻት። ልጄ ለእምነት የምታውቀው አንድ የሆላንድኛ ቃል ብቻ ነው፤ ሰው በአምላኩ የሚያምነውን። «ኸሎፍ» አለቻት።

«ኸሎፍ?» አለች ነርሷ። ጥጡን እንደገና አየችው።

ልጄ መሳቅ ጀመረች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። እኔ እንደምንም ማስረዳት ያዝኩ፤ የተቀደሰ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን ነው፣ ለሕመም ነው አልኩ። በመጨረሻም «ክሬም አይደለም» አልኩ። ስናገር የገዛ ጆሮዬ ሰማው።

ነርሷ አልተቆጣችም። «ለመሣሪያው ልዩነት የለውም» አለች። ቀጥላም፣ «ግንባሯ ላይ አድርጉላት። ግንባሯን እኛ አንፈልገውም።»

ያን ጥጥ ቅርጫት ውስጥ ልትጥለው ስትል እጄን ዘረጋሁ። ምንም ሳትጠይቅ ሰጠችኝ።

ምርመራው እንደ አዲስ ተጀመረ። ሌላ ሁለት ሳምንት። ያለፈው መውደቅ ግን ከንቱ ቀረ። ጭንቅላቷን ብትመታስ ኖሮ? ባትነቃስ ኖሮ? ወደ ቤት ስንመለስ ትራም ውስጥ ይህንኑ አወጣለሁ፣ አወርዳለሁ።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አልኳት።

«ስለ አመዱ ነው፣ ወይስ ስለ “እውነቱን ተናገሪ”?»

«ስለ ሁለቱም።»

«ስለ አመዱ ግድ የለኝም» አለች፣ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ።

አመድ አይባልም ብዬ አላረምኳትም።

ከዚያ ወዲህ ፕላስተሩን በሯን ዘግታ ራሷ መለጠፍ ጀመረች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እጸልያለሁ። ስትወጣ ግንባሯን ለመቀባት ታዘነብልልኛለች፤ ዓይኔን ግን አታይም። ብስክሌት ተከልክላለች። ሥራ ላይ ስልኬ በጮኸ ቁጥር የያዝኩት ነገር ከእጄ ይወድቃል። እንዳትወድቅ እጸልያለሁ፤ ካልወደቀች ደግሞ ምንም አይታወቅም። ሁለቱን በአንድ ጸሎት እንዴት እንደምል አላውቅም ነበር። ዝም ብዬ እግዚኦ እላለሁ።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ወጥ ቤት ዳቦ ስትቆርጥ ወደቀች። አጠገቧ ነበርኩ። እጄ መጀመሪያ የሄደው ወደ ትንፋሿ አይደለም፤ ወደ ደረቷ፣ ወደ ፕላስተሩ ነው። ተለጥፏል። ይህን እስከ ዛሬ ለንስሐ አባቴ ካልሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ልጄ ነቃች፤ መሣሪያውን በዚያው ቀን ለሆስፒታሉ አስረከብን። ሰኞ ተደወለልኝ። «አግኝተነዋል» አለችኝ ነርሷ። «ልቧ ስድስት ሰከንድ ቆሞ ነበር። ዛሬውኑ ኑ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ክፉ ወሬ ሰምቼ ነው ያመሰገንኩት፤ አሁንም አመሰግናለሁ።

ሐኪሙ ፈጥኖ ስለሚናገር ልጄ እየተረጎመች ነገረችኝ። ልቧ ሊቆም ሲል የሚቀሰቅስላት ትንሽ መሣሪያ ያስገቡላታል። በዚያው ሳምንት ይደረጋል። ልትኖር ትችላለች፣ ልትሮጥ ትችላለች፣ ልትወልድ ትችላለች። የት እንደሚገባም ሐኪሙ በጣቱ አሳየን፤ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ ነው።

«ከቆዳ ሥር ነው የሚቀመጠው» አለች ልጄ። ከዚያ ከስንት ቀን በኋላ ዓይኔን አየችኝ። «ይሄኛውን አትደርሺበትም፣ ማማ።»

ሳቅሁ። እንባዬም መጣ። በምሕረት ይሁን በቁጣ እንዳለችው እስካሁን አላውቅም፤ አልጠየቅኳትም።

ሐኪሙ ምን እንዳለችኝ ጠየቃት። አልተረጎመችለትም።