ባለቤቴን በረሃ ያሳየሁበት ጉዞ

ደብረ ታቦር ላይ ሴት መኪና ስትነዳ ቆሞ የማያይ ሰው የለም። ሠላሳ ዓመት የመሥሪያ ቤት ሾፌር ሆኜ ስኖር እኔ መታየቱን ለመድሁት እንጂ እነሱ ማየቱን አልለመዱትም። ጡረታ ወጥቼ አሮጌ ሚኒባስ ገዝቼ፣ ወንበሮቹን አስነቅዬ፣ ለሁለት ሰው የሚሆን የብረት አልጋ አስበይጄበት ስመጣ ደግሞ ሰፈሩ አበደች አለ። አንዷ ጎረቤቴ ግቢ ድረስ መጥታ፣ ሚኒባሷን ዞር ዞር ብላ አይታ፣ «ጡረታ የወጣ ሰው ወይ ጸበል ነው ወይ ገዳም የሚሄድ። እናንተ ምን ሁኑ ብሏችሁ ነው በረሃ የምትወርዱ?» አለችኝ። ጸበሉንማ ሄደን ነበር።

ባለቤቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር። ስለ በረሃ ሲያስተምር ከመጽሐፉ ላይ ያየውን የአሸዋ ክምር በጠመኔ ሰሌዳው ላይ ይስላል፤ እጁ ለሥዕል የተፈጠረ ነው። ከዚያ አንዱ ተማሪ ተነሥቶ፣ «ቲቸር፣ ሄደው አይተውት ያውቃሉ?» ይለዋል። በየዓመቱ አንድ እንዲህ ያለ ተማሪ አይጠፋም። ያን ቀን ቤት ሲገባ አኩርፎ ነው የሚገባው። ከጉና ተራራ ብርድ ወርዶ የማያውቅ ሰው ስለ ሐሩር ማስተማሩ ያሳፍረው ነበር። ጡረታ ስንወጣ እኔው ነድቼ አሳይሃለሁ እለው ነበር፤ እሱም ይህን ቃል ይዞ ኖረ።

ጡረታ ከመውጣቱ በፊት ዓይኑ ታመመ። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው አለን። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፣ የቀረውን ግን ጠብታው ያቆይለታል፣ ጠዋትና ማታ አንድ ቀን እንዳታቋርጡ ብሎ አስጠነቀቀን። ጠብታውን የማደርግለት እኔ ነበርሁ፤ እሱ ቀና ብሎ ይቀመጣል፣ እኔ ሽፋሽፍቱን ገልጬ ጠብ አደርግለታለሁ።

ከዚያ ጸበል እንግባ አልሁ። ከጉና ሥር ካለች አንዲት ጸበል ሁለት ሱባኤ ያዝን። እውነቱን ልናገርና፣ አጥማቂው አባ ጠብታውን ተዉ አላሉንም። እንዲያውም መድኃኒቱንም የሰጠ እግዜር ነው፣ አታቋርጥ ልጄ ነው ያሉት። ያስተውሁት እኔ ነኝ። ጸበል ገብቶ መድኃኒት የሚደብቅ ሰው እምነተ ጎዶሎ ነው ሲባል ሰምቼ ያደግሁ ነኝ፤ ከአባም በላይ አማኝ ልሁን አልሁ። በአንድ እጅህ ጸበል በአንድ እጅህ ጠብታ ይዘህ አይሆንም አልሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ተከራከረኝ፣ ከዚያ እሺ አለኝ። ሱባኤው ሲያልቅ እንዴት ነህ ብለው «ይሻለኛል» አለኝ። እልል አልሁ። ጎረቤት ጠርቼ ጠላ አጠጣሁ። ክረምቱ እስኪወጣ ጠብታውን አልነካነውም።

አልተሻለውም ነበር። እልልታዬን ማፍረስ ከብዶት ነው እንጂ በየቀኑ እየጨለመበት ነበር። ይህን ያወቅሁት በመስከረም፣ የገዛ ቤታችንን ደረጃ ስቶ በግንባሩ ሲደፋ ነው። ሐኪሙ ካየው በኋላ ለምን ተቋረጠ ብሎ ተቆጣ። አፌን ከፈትሁ። ባለቤቴ ቀደመኝና፣ ረስቼው ነው ዶክተር፣ የእርጅና ነገር ነው አለው። ስድቡን እሱ ጠጣልኝ። የቀረችው የቀኝ ዓይኑ ጥግ ናት፣ እሷም በጠራራ ፀሐይ እንጂ አታይም፣ ብዙም አትቆይ ተባልን። ከሐኪም ቤት ስንወጣ ክንዴን ይዞ፣ እንግዲህ ያንን በረሃ አለኝ። ሌላ ወቀሳ ከአፉ አልሰማሁም። ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ሚኒባሷን የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ ይባል የለ። መንገዱ ግን የእኛን ችኮላ አላወቀም፤ ዛሬ ተከፈተ ሲሉት ነገ ይዘጋል። መናኸሪያ እየሄድሁ ሾፌሮቹን መንገዱ እንዴት ዋለ እላለሁ፣ እነሱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እሱ ጠዋት ጠዋት ግቢ ከቆመችው ሚኒባስ ጋቢና ገብቶ ይቀመጣል። በመስኮት ሳየው መስታወቱን በመዳፉ ይወለውላል። መስታወቱ ንጹሕ ነበር። ወር አለፈ፣ ሌላም ወር አለፈ፤ እኔ በየማለዳው ጣቴን እያሳየሁ ስንት ነው እለዋለሁ፣ እሱም አንዳንዴ ያገኘዋል።

በመጨረሻ መንገዱ ተከፈተ ተባለና ተነሣን። ጋሳይ ከተማ ላይ ቆመን በቡታጋዙ ሽሮ ሠራሁ፤ ነፋሱ እሳቱን ሁለት ጊዜ አጠፋብኝ። ነፋስ መውጫን አልፈን፣ ወልድያ አድረን ቁልቁለቱን ስንይዝ መጀመሪያ ጋቢውን፣ ቀጥሎ ካፖርቱን፣ ኋላም ሹራቡን አወለቀ። እንደ ሙሽራ ደስ ብሎት ነበር። የአየሩን መሞቅ እየተከተለ አሁን ይህን ያህል ሜትር ወርደናል ይለኛል፣ እኔም እውነት ነው እላለሁ። አንድ ኬላ ላይ ያስቆመን ፖሊስ አልጋውን አይቶ የት ነው ብሎ ጠየቀን። በረሃ ልናይ ብለው ሳቀና፣ «እማማ፣ በረሃ ደግሞ ምኑ ይታያል?» አለኝ። ሲያሳልፈን ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ።

አፋር የደረስነው ቀን ሲጋመስ ነው። ሆን ብዬ ነበር፤ ያቺ የዓይን ጥግ ጠራራ ፀሐይ ነው የምትፈልግ። ከአስፋልቱ ወጥቼ ጥቂት ነድቼ ሞተሩን አጠፋሁ። አሸዋ የሚባል ነገር አልነበረም። ሜዳው እስከ ሰማዩ ጫፍ ጥቁር ድንጋይ ነው፤ እሳት በልቶት የቀረ የሚመስል፣ አንድ ዛፍ እንኳ የሌለበት። አውርጄ አቆምሁት። ሙቀቱ ፊት ያቃጥላል። አንድ እጁን ሚኒባሷ ላይ አድርጎ ቀና አለ፣ ፈገግም አለ።

«አሸዋው እንዴት ያምራል። ክምሩን አየሽው? እንደ ወርቅ ነው።»

ለእኔ ብሎ እኔኑ ሲዋሸኝ ይህ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ውሸቱ ዓይኑን በልቶታል። አዎ ያምራል ብዬ ብተወው ኖሮ ምን ነበረበት? እኔ ግን ግልፍተኛ ነኝ፤ እንደገና እልል ማለት አልቻልሁም።

«አሸዋ የለም። ጥቁር ድንጋይ ነው። ሁሉም ጥቁር ነው።»

«ጥቁር ነው?» አለኝ፤ ድምፁ ተለወጠ። «እኔም እኮ ያየሁት ጥቁር ነው። ዓይኔ ነው ብዬ ነው ያልነገርሁሽ።»

ልቤ ዘለለች። አይቷል አልሁ። ደረስንለት፣ እግዜር ይህችን አልነሣኝም አልሁ። እሱም እንደ ልጅ ሳቀ፤ ላዩ አሸዋ የሌለው፣ ድንጋይ የለበሰ በረሃም አለ፣ መጽሐፉ ላይ አንድ መስመር ነው የተጻፈለት፣ ዘልዬው ነው ያስተማርሁት እያለ ያወራኛል። እኔም እየሳቅሁ ነበር። ግን የሚያወራው ሁሉ ከመጽሐፉ ነው። ነገሩ ከነከነኝ። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድሁ። አዲስ ነው፣ ለጉዞው ያጠብሁት፣ ፀሐዩ ላይ ዓይን የሚወጋ ነጭ። በሁለት እጄ ዘርግቼ ከፊቱ፣ ካፍንጫው አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ያዝሁት። በቀኝ ዓይኑ በኩልም አዞርሁት።

«አሁንስ ምን ይታይሃል?» አልሁት።

«ድንጋዩ ነዋ» አለኝ። «ጥቁር ነው፣ እስከ ዳር ድረስ።»