የብረት ውሃ

ብረት ቀጥቃጩ የዱሮ ሰው ነውና የማይተወው ልማድ ነበረው፤ ሥራ ሲያበቃ፣ የጋለ ብረት ሲነክርበት ከዋለው ውሃ አንድ ኩባያ ይጠጣል። «ኋላ እንዳትዝግ!» እያሉ ጎረቤቶቹ ቢቀልዱበትም፣ «ብረት የጠጣ ክንድ አይዝልም» ይላቸው ነበር፣ ጢሙን በእጁ ጀርባ እየጠረገ። ሚስቱም አርባ ዓመት ሙሉ አመነችው።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ባለ በአራተኛው ቀን፣ ያንኑ ውሃ በፔርሙስ ይዛለት ሆስፒታል መጣች። ክዳኑን ስትከፍት ሐኪሟ ደረሰች።

«እማማ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ጉልበቱ ነው ልጄ። የብረት ውሃ።»

ሐኪሟ አልሳቀችባትም። አጠገቧ ተቀምጣ ቀስ ብላ አስረዳቻት። የፈሰሰው ደም ሲፈራርስ በውስጡ የነበረው ብረት ይወጣል፤ ያም ብረት በዙሪያው ያለውን አንጎል ይጎዳል።

«ወይ ጉዴ! ታዲያ እኔው ነኛ የጎዳሁት? የምቀዳለት እኮ እኔ ነኝ!»

«አይደሉም እማማ። ይሄኛው ከገዛ ደሙ የወጣ ነው፤ ከጠጡት አይደለም። ግን እሳቸው አሁን መዋጥ አይችሉም፤ ውሃው ሳንባቸው ይገባል። በአፋቸው ምንም እንዳይሰጧቸው።»

«እጁስ? መዶሻ ይይዝለት ይሆን?»

ሐኪሟ የፔርሙሱን ክዳን መልሳ ገጥማ ተነሣች።

እሷ ስትወጣ ባልየው በግራ እጁ ወደ ፔርሙሱ እየጠቆመ «እ... እ...» አለ። ከዚያ ሁሉ ጨዋታው የቀረው ይኸው ነበር። ሚስቱም በትዳር ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ ከለከለችው። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ እየጠራችውም ዞሮ አላያትም።