አምባዛ ጠባሹና ቃለ መሐላው

ሆሊስ ታትም የውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነበር። በሰሜን ፍሎሪዳ፣ ከአላባማ ወሰን ብዙ በማትርቀው በቤል ክሪክ ዙሪያ ካለው የቧንቧ ውኃ ግማሹ እሱ ከቆፈረው ጉድጓድ ይወጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰው የሚያውቀው ግን በጉድጓዱ ሳይሆን በአምባዛ ጥብሱ ነበር።

ነገሩ የተጀመረው በወጣትነቱ ነው። አንድ ግንድ ቆራጭ እግሩን ግንድ ጨፈለቀውና ሆስፒታል ገባ። የጤና መድን አልነበረውም። ሆሊስ ያን ሰሞን ከወንዝ ያወጣው አምባዛ ማቀዝቀዣውን ሞልቶት ስለነበር፣ ትልቅ የብረት ድስቱን መኪናው ላይ ጫነና ወደ በጎ ፈቃደኞቹ የእሳት አደጋ ጣቢያ ሄደ። መኪናዎቹን ወደ ውጭ አስወጥቶ ጠረጴዛ ዘረጋ። ሰው መጣ፣ በላ፣ የቻለውን ባልዲ ውስጥ ጥሎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቤል ክሪክ ሰው ሲታመም ቅዳሜ አምባዛ ይጠበሳል ማለት ሆነ። እንዲህ እየተባለ ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ።

ሥርዓቱን የጻፈው የለም፤ የማያውቀውም የለም። የታመመ ሰው ስለ ራሱ አይጠይቅም። ቤተሰቡም አይጠይቅለትም። ፎቶውን ግሮሰሪው በር ላይ የሚለጥፈው ጎረቤት ነው። ታማሚው ሲያየው "ኧረ ምን አስቸገራችሁ!" ይላል። ጎረቤቱም "አርፈህ ተቀመጥ፣ ዓሣው ተገፍፏል" ይለዋል። ቀኑን የሚቆርጠው ሆሊስ ነው። የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይና የልጅነት ጓደኛው ወንድም ዊንደል ስፓይቪ ዓሣውን በበቆሎ ዱቄት እያንከባለለ ያቀብለዋል። የሆሊስ ሚስት ኦሊታ ጥቅል ጎመን ትከትፋለች። ሆሊስ ዘይቱ መድረሱን ለማወቅ ክብሪት ይጥልበታል፤ ክብሪቱ ዘይቱ ላይ እንደ ተንሳፈፈ በራሱ ቦግ ሲል የመጀመሪያው ዓሣ ይገባል።

ኦሊታ ስትታመምም አምባዛ ተጠብሷል። ፎቶዋን የለጠፈው ዊንደል ነበር። ከሦስት ወረዳ ሰው መጣ፤ ሰልፉ ከጣቢያው በር እስከ ዋናው መንገድ ደረሰ። ያን ቀን የጠበሰው ራሱ ሆሊስ ነው። ሌላ ሰው ይጥበስ ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ እሱም አላሰበውም። ከዚያ በኋላ ኦሊታ የቆየችው ሁለት ወር ብቻ ነው።

እሷ በሞተች በዓመቱ አዲሱ የጤና ሕግ ወጣ። ሰው ሁሉ የጤና መድን ይግዛ፣ ያልገዛ ቅጣት ይክፈል የሚል ነበረበት። ፍሎሪዳ ሌሎች ግዛቶችን አስተባብራ የፌዴራሉን መንግሥት ፔንሳኮላ ከተማ ባለው ፍርድ ቤት ከሰሰች። በቤል ክሪክ ክሱን የሚቃወም ሰው ከነበረም ድምፁን አላሰማም። ሆሊስም ይደግፍ ነበር። ዋሽንግተን የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ይህን ግዛ ሊለው አይገባም፤ ያኔም እንዲህ ነበር የሚያስበው፣ በኋላም ሐሳቡን አልለወጠም።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ውስጥ በአንዱ ቅዳሜ፣ ለአንዲት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ዓሣ ሊጠበስ ሆሊስና ዊንደል ድስቱን ጥደው ሳለ፣ አንዲት ወጣት ሴት ቦርሳ አንጠልጥላ ወደ ጣቢያው ግቢ ገባች። ሜሬዲት ኮልስ የምትባል ጠበቃ ናት። የግዛቶቹን ክስ ከሚደግፍ አንድ ማኅበር ነበር የመጣችው።

"ሚስተር ታትም እርስዎ ነዎት?"

"ዓሣ ፈልገሽ ከሆነ አንድ ሰዓት ጠብቂ። ጉድጓድ ከሆነ ደግሞ እስከ ሰኞ።"

ሳቀች። "ፊርማዎን ነው የፈለግሁት።"

"እሱማ ይብሳል!" አለ ዊንደል፣ እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት እንደ ሆነ። "ይህ ሰው የጋብቻ ወረቀቱን ሲፈርም እጁ ተንቀጥቅጦ፣ ፓስተሩ ሌላ ወረቀት ፍለጋ ቤቱ ድረስ ሄዷል። እኔ ምስክር ነኝ።"

"አንተ ደግሞ ምስክር ሆነህ የራስህን ስም ተሳስተህ ጽፈሃል" አለው ሆሊስ።

የእሳት አደጋ ካፖርቶቹ ወደ ተሰቀሉበት ክፍል ሦስቱም ገቡ። ጠበቃዋ ቀደም ሲል ከሆሊስ ጋር በስልክ ተነጋግራ፣ ከነገራት ተነሥታ ቃለ መሐላ ጽፋ አምጥታ ነበር። ቃለ መሐላ የምታጸድቅበትን ማኅተሟንም ይዛለች። ከተማው ያለ ማንም አስገዳጅነት የራሱን ሰው ይረዳል፤ ፍርድ ቤቱ ይህን ከሰውየው አንደበት ይስማ ነው ሐሳቧ።

ሆሊስ መነጽሩን አደረገና በጣቱ እየተከተለ ማንበብ ጀመረ። ስሙ ልክ ነው። ዕድሜው፣ ሥራው፣ ግንድ ቆራጩ፣ ድስቱ፣ ሁሉም ልክ ነው። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። እንዲህ ይላል፦ "በሃያ ሰባት ዓመታት ውስጥ፣ በቤል ክሪክ ከተማ ማንም ታማሚ የመክፈል አቅም በማጣቱ ምክንያት ሕክምና የቀረበት ወይም የዘገየበት ጊዜ የለም።"

ደግሞ አነበበው።

ሐኪሙ ኦሊታን "ይህን እብጠት ካወቅሽው ስንት ጊዜ ሆነ?" ብሎ በጠየቃት ቀን ሆሊስ አጠገቧ ተቀምጦ ነበር። "ከፋሲካ ጀምሮ" አለችው። የተጠየቀችው ኅዳር ላይ ነው። ሐኪሙ ሲወጣ ሆሊስ ወደ እሷ ዞረ።

"ስምንት ወር፣ ኦሊ? ስምንት ወር አንድ አልጋ ላይ ተኝተን?"

"ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር?"

"ሐኪም ቤት እወስድሽ ነበራ!"

"በምን?"

ጉድጓድ ቆፋሪ የጤና መድን የሚገዛለት አሠሪ የለውም፤ እሷም በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የምትሠራው ግማሽ ቀን ነበር።

"በዓሣ ነዋ" አለች ኦሊታ። "የከተማው ወንድ ሁሉ ለእኔ ጡት ባልዲ ውስጥ ሲጥል ቆሜ ልይ? ይህን ሁሉ ዓመት ጎመን ከትፌያለሁ ሆሊስ። ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ መቆም አቃተኝ። በቃ ይሄው ነው። ለማንም እንዳትናገር።"

አልተናገረም። ሰው ሁሉ በሽታው ድንገት የወደቀባት መስሎት ነው የቀበራት።

አሁን ሆሊስ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ሕጉ ያኔ ቢኖር ኦሊታ ትድን ነበር ወይ የሚለውን አያውቅም። ግዛቶቹ እውነት አላቸው ወይ የሚለውንም ዳኞቹ ይወስኑት። እሱ የተጠየቀው ግን ስለ ሕጉ አይደለም። እጁን አንሥቶ በእግዚአብሔር ስም፣ በቤል ክሪክ ማንም አልዘገየም ብሎ እንዲምል ነው።

"ሰባተኛውን ሰርዢልኝ፣ እመቤቴ፣ ሌላውን እፈርማለሁ።"

ጠበቃዋ ትንሽ አመነታች። "ሚስተር ታትም፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ መኪና የነዳሁት ለሰባተኛው ነው። ሌላው ስለ ዓሣ ብቻ ነው።"

"እንግዲያው ዓሣ በልተሽ ሂጂ።"

"ሆሊስ! ምን ነካህ?" አለ ዊንደል። "ላልደረስንለት ሰው ስም ጥራ እስቲ። አንድ ስም!"

ሆሊስ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

"ዋሽንግተን በነፃ ሆስፒታል ልታስተኛህ ነው እንዴ?" አለው ዊንደል፤ ሊያስቀው ፈልጎ ነበር። ሆሊስ ግን አልሳቀም። ዊንደል ፊቱ ቀላ። "ለኦሊታ ያ ሁሉ ሰው አልመጣም? ሰዉን በሙሉ ውሸታም ልታደርገው ነው?"

"ሰዉ አልዋሸም።"

"ታዲያ?"

"ታዲያማ አልምልም፣ ዊንደል።"

ጠበቃዋ ወረቀቶቿን መሰብሰብ ስትጀምር ዊንደል እጁን ሽርጡ ላይ ጠረገ። "አምጪው የኔ ልጅ። እኔም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ነበርኩ" አላት። ስሙን፣ ዕድሜውንና ሥራውን ለወጠችለት፣ እጁን አንሥቶ ማለ፣ ፈረመ፣ ማኅተሙ አረፈበት። ሆሊስ ያን ጊዜ ወጥቶ እሳቱን ይቀንስ ነበር። ዊንደልን አልተቀየመውም። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን እሱም ራሱ ሰባተኛውን አንቀጽ ሳይጨርስ ይፈርም ነበር።

የጠበቃዋ መኪና ከግቢው ሲወጣ ዊንደል ወደ ዱቄቱ ተመለሰ። የመጀመሪያውን ድስት ሳይነጋገሩ ጠበሱ። ሁለተኛው ላይ ዊንደል አልቻለም።

"የምሸከመው ነገር ከሆነ ንገረኝ።"

"እንዳልናገር ብላኛለች።"

ዊንደል ቀጣዩን ዓሣ አቀበለው።

"ከፋሲካ ጀምሮ ታውቅ ነበር" አለ ሆሊስ ዓሣውን እያገላበጠ። "ኅዳር ላይ ነው የተናገረችው፣ እሱም ቆማ መልበስ ሲያቅታት። ፎቶዋ እንዲለጠፍ አልፈለገችም።"

"እኔ ነኝ የለጠፍኩት።"

"አውቃለሁ።"

"ደስ ብሏት ነበር እኮ። ስማኝ ሆሊስ፣ ግንባሬን ሳመችኝ!"

"ሌላ ምን ታድርግ?"

ዊንደል በእጁ የነበረውን ዓሣ ዱቄቱ ላይ ተወው። በጣቢያው በር ሰው መሰለፍ ጀምሮ ነበር፤ ልጆች ወንበር ይጎትታሉ።

"ጆ ኤለን" አለ። ሚስቱ ናት። "ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ የቤታችንን ደረጃ ስትወጣ መሐል ላይ ቆማ ታርፋለች። አንድ እጇን እዚህ ጎኗ ላይ አድርጋ። ሙቀቱ ነው ትለኛለች።"

"ጥቅምት ነው እኮ፣ ዊንደል።"

"አዎ።"

"ጠይቃት።"

"ምንም የለም ትለኛለች።"

"ትልሃለች" አለ ሆሊስ። "ደግመህ ጠይቃት።"

ዊንደል ወደ መንገዱ ተመለከተ። የጠበቃዋ መኪና ይህን ጊዜ አውራ ጎዳናው ላይ ወጥቷል። ከዚያ ከነሽርጡ፣ ከነዱቄቱ፣ በሰልፈኛው መሐል አልፎ ወደ መኪናው ሄደ። አንድ ሽማግሌ "ወንድም ዊንደል፣ ምግብ ሳትባርክ ወዴት ነው?" ብሎ ጮኸበት። ዊንደል ሞተሩን አስነሣ።

የሚያቀብለው ስለሌለ ሆሊስ አንድ ዓሣ በዱቄት ያንከባልላል፣ እጁን ይጠርጋል፣ ድስቱ ውስጥ ይከታል፣ ተመልሶ ሌላ ያነሣል። ሰልፉ ዘገየ። ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። አንዲት ሴት ከመሐል ወጥታ እጅጌዋን እየሰበሰበች ወደ ዱቄቱ መጣች።

"ወንድም ዊንደል ምን ሆኖ ነው?"

"ቤቱ ሄዷል፣ ሚስቱ ጋ" አለ ሆሊስ። "ዛሬ ባይመለስ ደስ ይለኛል።"