የአባ እኩል ላሞች

በእርባታው ግቢ «አባ እኩል» የሚሉት የላም ጠባቂ፣ ሰባት ልጆቹን የሚያሳድገው አንዲት ብርቱካን ብትገኝ ቢላ ስሎ ለሰባት እየከፈለ ነው። ሚስቱ እንደምትለው ቁጣውም እንደዚያው ነው፤ አንዱ ቢያጠፋ ሰባቱም ተሰልፈው ድርሻቸውን ይወስዳሉ።

አምና የሦስት አገር ተመራማሪዎች ተባብረው፣ ላሞች በግሳታቸው የሚያወጡትን ዓለም የሚያሞቅ ጋዝ እንቀንሳለን ብለው መጡ። ላሞቹ አፍንጫቸው ላይ ቱቦ፣ ጀርባቸው ላይ ጣሳ ታሰረላቸው፤ ወደ ጠፈር ሊመጥቁ ተራ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። በግራ የቆሙት ግሳት ይቀንሳል የተባለ አረንጓዴ ዱቄት ከመኖ ጋር ይበላሉ፤ በቀኝ ያሉት ደረቁን መኖ ብቻ። ከዚያ ልዩነቱ ይለካል። መኖ አዳዩ አባ እኩል ነው።

ወሩ አለቀ፣ ልዩነት ግን ጠፋ። የባሕር ማዶዎቹ ሊቃውንት በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ተደርድረው አንዱ መለኪያውን፣ ሌላው ዱቄቱን፣ ሌላው ነፋሱን ጠረጠሩ። ጥናቱን የምትመራው ዶክተር ከስብሰባው ወጥታ በቀጥታ ወደ በረቱ መጣች። እንዲህ ከቀጠለ ጥናቱ ወደ ሌላ አገር እንደሚዛወር፣ ላሞቹም እንደሚሸጡ ነገረችው።

አባ እኩል ወዳጁን ግንባረ ነጯን ቦራን አያት። ቦራ ግን ዞር ብላም አላየችው፤ ማመንዠክ ላይ ነበረች።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ግን አትቆጪኝ።»

«ምን አደረጉ ጋሼ?»

«እነዚህ ሲበሉ እነዚያ ምራቃቸውን እየዋጡ ያዩኛል። አንጀቴ አልቻለም። ዱቄቱን ለሁሉም እኩል አካፈልኩት።»

ዶክተሯ ግድግዳውን ተደገፈች። ትቆጣለች ሲል ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጋሼ፣ በሁለተኛው ወር እኮ ይቀያየራሉ። ያልበሉት ይበላሉ፣ የበሉት ያርፋሉ።»

«ታዲያ ይኼን ቀድማችሁ ብትነግሩኝ ምን ነበረበት?»

ጥፋቱ ለባሕር ማዶዎቹ ሲነገራቸው፣ አንዱ ሽማግሌ በሳቅ ከወንበሩ ተንሸራቶ ከመስኮቱ ተሰወረ አሉ። ሥራው እንደገና ተጀመረ። አባ እኩል በቀኝ ያሉትን ሲያልፍ ዓይናቸውን ላለማየት ፊቱን ወደ ግድግዳ እያዞረ «ታገሡ፣ ተራችሁ ይደርሳል» ይላቸው ነበር። ልዩነቱም ፍንትው ብሎ ወጣ፤ ጥናቱ ሳይዛወር፣ ቦራም ሳትሸጥ ከነጣሳዋ እዚያው ቀረች።

በዚህ የተደፋፈረው አባ እኩል ቤቱ ገብቶ፣ ከእንግዲህ ብርቱካን በዚህ ወር ለታላላቆቹ፣ በሚመጣው ለታናናሾቹ እንደሚሆን አወጀ። ታናናሾቹ ጩኸታቸውን ሲያቀልጡት ሚስቱ ቢላውን መዝዛ አቀበለችው።

«አንተ ሰው፣ እነዚህ ላሞች አይደሉም፤ ዝም ብለህ ክፈል።»