የሃያ ደቂቃው ውል

አዲስ አበባ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ታሪክ አስተምሬ ቶሮንቶ ስገባ፣ መጀመሪያ የተነገረኝ ነገር የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ታሪክ እንድማር ነበር። ወረቀቶቼን የተቀበለችው ሴትዮ ዲግሪዬን አገላብጣ አየችው፣ ማኅተሙን በጣቷ ዳሰስ አደረገችው፣ ከዚያም እዚህ አገር መምህር መሆን ከፈለግኩ የዚህን አገር የእንግሊዝኛና የታሪክ ክሬዲት ብይዝ እንደሚጠቅመኝ ነገረችኝ። በዚህች ከተማ «ይጠቅምሻል» ማለት «ግዴታሽ ነው» ማለት መሆኑ የገባኝ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ሁለት ጊዜ ከተመለስኩ በኋላ ነው። ያውም እኔ፣ የውጫሌን ውል፣ በአማርኛው «ይችላል» በጣልያንኛው «አለበት» የሚለውን አንቀጽ፣ ለስንቱ ልጅ ያስተማርኩ ሴት።

ሦስተኛ ጊዜ ከመመለስ ብዬ የጎልማሶች ትምህርት ቤት ተመዘገብኩ። ያን ጊዜ የምንኖረው ሪጀንት ፓርክ የሚባል ሰፈር ነበር። የድሮዎቹ የጡብ ሕንፃዎች በየተራ ይፈርሱ ስለነበር፣ ጠዋት አፍንጫዬን በሻርፕ ሸፍኜ አቧራውን አቋርጬ ጄራርድ ጎዳና ላይ ስትሪትካር የሚሉትን የከተማ ባቡር እይዛለሁ። ክፍሉ ውስጥ ሃያ ያህል ሰዎች ነበርን። አብዛኞቹ ትምህርት አቋርጠው የተመለሱ ወጣቶች ናቸው። ከአንድ ሰው በስተቀር ሁሉንም በዕድሜ እበልጣቸዋለሁ።

ያ አንድ ሰው ሰባ ዓመት ያለፋቸው ቻይናዊ አዛውንት ነበሩ። አገራቸው የመርከብ ሞተር ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ ሴት ልጃቸው ስፖንሰር አድርጋ አመጣቻቸው። የእንግሊዝኛው ክላስ ሞልቷል ሲባሉ፣ ታሪኩም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ከሆነ ያው ነው ብለው ገቡ። አጠገቤ ተቀምጠው ከፔርሙሳቸው ሙቅ ውኃ በክዳኑ እየቀዱ ይጠጣሉ፣ የማያውቁትን ቃል በደብተራቸው ጠርዝ ላይ ይጽፋሉ። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም። እንደ እኩያዬ «ዩ» ባልኳቸው ቁጥር አፌን ይኮመጥጠኝ ስለነበር፣ ሲያናግሩኝ ከወንበሬ ብድግ እል ነበር። ክፍሉ ውስጥ ለምን እንደምነሳ የገባቸው እሳቸው ብቻ ይመስሉኛል።

አስተማሪያችን ከእኔ አሥር ዓመት የሚያንስ፣ በብስክሌት የሚመጣ፣ ለሁሉም ፈገግ የሚል ወጣት ነበር። ሰው የሚያስቀይም ነገር ተናግሮ አያውቅም። አንድ ሰኞ ጠዋት አንዳንድ ወረቀት አደለን። ርእሱ «የምሥራቅ እስያ ወደቦች መከፈት» ይላል። ከሥሩ፣ የአውሮፓና የአሜሪካ ነጋዴዎች ከቻይናና ከጃፓን ጋር ለመነገድ ይፈልጉ እንደነበር፣ ከረጅም ድርድር በኋላ ውሎች እንደተፈረሙና ወደቦቹ ለዓለም ንግድ እንደተከፈቱ ተጽፏል።

ተከፈቱ። ንፋስ እንደከፈተው መስኮት። ይህን ታሪክ እኔ ለልጆች ያስተማርኩት እንዲህ አልነበረም። ቻይና ለባሕር ማዶ ነጋዴዎች የፈቀደችው ካንቶን የሚባለውን አንድ ወደብ ብቻ ነበር። እንግሊዞች ሻይና ሐር ይገዛሉ፣ በምላሹ የሚሸጡት ዕቃ ግን ገዢ አጣ። ስለዚህ ህንድ ውስጥ ያስመረቱትን ኦፒየም በኮንትሮባንድ አስገብተው የአገሩን ሰው ሱሰኛ አደረጉት። ንጉሠ ነገሥቱ የላኩት ሹም ኦፒየሙን ወርሶ በውኃና በኖራ አሟሙቶ ወደ ባሕር ሲለቀው፣ ንብረታችን ጠፋ ብለው የጦር መርከብ ላኩ። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል፤ እነዚህስ አንጣፊውንም ገረፉት። መርከቦቹ መድፋቸውን ደግነው ወንዙን ሽቅብ እስከ ናንጂንግ ድረስ ወጡ። ውሉም የተፈረመው እዚያው የጦር መርከብ ላይ ነው። አምስት ወደብ ክፈቱ፣ ሆንግ ኮንግን ስጡ፣ የጠፋውንም ኦፒየም ካሳ ክፈሉ ተባሉ። የተመረዘው ሰው የመርዙን ዋጋ እንዲከፍል ማለት ነው። ከዚያ በተከተሉት ውሎች የባሕር ማዶ ሰው ወንጀል ቢሠራ የሚዳኘው የራሱ ቆንስል ሆነ፣ ቀረጡንም ባለአገሩ እንደፈቀደው ማሻሻል ተከለከለ። አሜሪካኖቹና ፈረንሳዮቹም ለእኛም ይገባናል ብለው መጡ። ጃፓንን አሜሪካኖች በመድፍ አስፈራርተው አስፈረሟት፤ ጃፓን ደግሞ ብዙም ሳትቆይ በተራዋ ያንኑ ኮሪያ ላይ አደረገችው።

ከዚህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ የነበረው «ከረጅም ድርድር በኋላ» የሚለው ነው።

አስተማሪው ግን ንባቡ እንዳይሰለቸን ጨዋታ አዘጋጅቶ ነበር። አራት አራት ሆነን ተከፋፈልን፤ ሁለቱ የእንግሊዝ ነጋዴ፣ ሁለቱ የቻይና ሹም ይሆናሉ። ለእያንዳንዱ ቡድን በኮምፒዩተር የተጻፈ ውል ተሰጠው። ሃያ ደቂቃ ተከራክረን በመጨረሻ ሁለቱም ወገን መፈረም አለበት፤ የፈረመ ቡድን ማርክ ያገኛል። እኔና አዛውንቱ ሹሞች ሆንን። ነጋዴዎቹ ኮፍያ ያደረገ ጎረምሳና ለነርስነት ትምህርት ክሬዲቱ የሚያስፈልጋት አንዲት ልጅ ነበሩ። ልጅቷ ሕፃኗን እናቷ ዘንድ ትታ እየመጣች ነበር የምትማረው።

አዛውንቱ ውሉን ቀስ ብለው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ከዚያ እጃቸውን አወጡና አስተማሪውን፣ ባንፈርምስ ምን ይሆናል ብለው ጠየቁት። እሱም በፈገግታ፣ እንግዲህ ጨዋታው አያልቅም አላቸው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አጋደሙትና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ጎረምሳው በጨዋ ደንብ ጨዋታ እኮ ነው አላቸው። ሌሎቹ ቡድኖች እየጨረሱ ወደ እኛ መዞር ጀመሩ። አስተማሪው መጥቶ ጠረጴዛችን ላይ ጎንበስ አለና፣ ካልፈረማችሁ አራታችሁም ማርክ አታገኙም፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው አለ። ይህን ሲል እንኳ ድምፁ ለስላሳ ነበር። የምትናገረው ይሰማሃል ወይ ልለው ፈለግኩ። ሃያ ሰው እያየን፣ ጊዜው እያለቀ፣ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ የአገሩን ወደብ እንዲፈርም እያስፈራራህ እኮ ነው ልለው። አላልኩትም። ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ ውስጥ ያለውን አውቀዋለሁ፤ እኔም ማርኩ ያስፈልገኝ ነበር። እስክሪብቶውን አንስቼ ፈረምኩ። እጄ ያኖረው የለመደውን የአማርኛ ፊርማዬን ነው፣ የተማሪዎቼ ካርድ ላይ አኖረው የነበረውን።

ክፍሉ አጨበጨበ። አስተማሪው ሰዓቱን አይቶ፣ ይኸው ወደቦቹ ተከፈቱ አለ።

አዛውንቱ ተነስተው ቢወጡ ይሻለኝ ነበር። እስከ ክፍለ ጊዜው መጨረሻ ቁጭ ብለው ማስታወሻ ያዙ። ከትምህርት በኋላ ስትሪትካር ፌርማታው ላይ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር በእጃቸው አስቆሙኝ። ቃላቱን አንድ በአንድ እየመረጡ፣ «ያኔ የፈረሙትም ሰዎች ልጆች ነበሯቸው» አሉኝ። ስትሪትካሩ መጣና ገቡ። እኔ ሳልሳፈር በእግሬ ሄድኩ።

ቤት ደርሼ ለባለቤቴ ስነግረው፣ ከሥራ መግባቱ ስለነበር ጫማውን እየፈታ አዳመጠኝ።

«ማርኩን አገኘሽው አይደል?» አለኝ። «በቃ ተይው። እኛ እዚህ የመጣነው የቻይናን ወደብ ልናስመልስ ነው እንዴ?»

ክፋት ኖሮት አይደለም፣ ስለደከመው ነው። ቢሆንም ያን ቀን ራት አቅርቤለት አላናገርኩትም።

በማግስቱ ከክላስ በፊት አስተማሪውን ይዤ፣ ጨዋታው ምን እንዳደረገ አይቶት እንደሆነ ጠየቅኩት። ከልቡ ደነገጠ። አዛውንቱን ማስቀየሙን አላወቀም ነበር። ምን ብናደርግ ይሻላል ሲለኝ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ስጠኝና እኔ ላስተምር አልኩት። ደስ ብሎት ፈቀደ፤ የተለያየ አመለካከት መስማት ለክፍሉ ጥሩ ነው አለኝ። አመለካከት አይደለም፣ የሆነ ነገር ነው አልኩት፤ ፈገግ አለ።

ካናዳ ከገባሁ በኋላ ከሰሌዳ ፊት ስቆም ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ኦፒየሙን፣ መርከቡን፣ ካሳውን፣ የቆንስሉን ፍርድ ተራ በተራ ተናገርኩ። እንግሊዝኛዬ ሲያደናቅፈኝ ሰሌዳው ላይ እስላለሁ። ያ ጎረምሳ ኮፍያውን አውልቆ ያዳምጥ ነበር። ስጨርስ አዛውንቱ ሳይጠየቁ ተነሱ። አያታቸው የወደብ ኩሊ እንደነበሩ ተናገሩ። አብሯቸው የሚሠራ አንድ ሰው ጭነት ስለጣለ አንድ የባሕር ማዶ መርከበኛ ደብድቦ ገደለው። የአገሩ ዳኛ መርከበኛውን መንካት አልቻለም። የራሱ ቆንስል ጥቂት ቅጣት አስከፈለውና መርከበኛው በመርከቡ ሄደ። አያታቸው የሟቹን ስም ለልጆቻቸው ሁሉ ያስጠኑ ነበር። አዛውንቱ ያን ስም ጮክ ብለው ጠሩትና ተቀመጡ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አስተማሪው ሁለታችንንም አመሰገነን። ቀጥሎ ግን ሌላውንም ጎን ማየት አለብን አለ፤ ከእነዚያ ወደቦች እኮ ዛሬ ዓለም የሚደነቅባቸው ታላላቅ ከተሞች በቅለዋል። ደሜ ፈላ። ሌባ ቤትህን ሰብሮ ገብቶ ቢዘርፍህ፣ አንተም በኋላ ላብህን አንጠፍጥፈህ የተሻለ ቤት ብትሠራ፣ ምስጋናው ለሌባው ነው ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ጥሩ ጥያቄ ነው አለና ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ገባ።

ፈተናው ላይ «የወደቦቹ መከፈት ያስገኘውን ጥቅምና ጉዳት አብራራ» የሚል ጥያቄ መጣ። «መከፈት» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰርዤ «ተሰብሮ መከፈት» ብዬ አረምኩና አራት ገጽ ጻፍኩ። ወረቀቱ ሲመለስ ግማሹ ማርክ ተቀንሷል፤ ጠርዙ ላይ በአረንጓዴ ቀለም «ስሜት በዝቶበታል፣ ሚዛን ይጎድለዋል» ተብሏል። ስንት የተማሪ ወረቀት ያረምኩ ሰው ነኝ። ሐሰት የሆነ አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያሳየኝ ማርኩን በደስታ እለቅለት ነበር። እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት፤ ስሕተት የለውም፣ አቀራረቡ ነው አለኝ።

ፕሪንሲፓሏ ጋ ገባሁ። ወረቀቴን በትዕግሥት ተመለከተች። ማርክ የአስተማሪው ሥልጣን ስለሆነ ጣልቃ መግባት እንደማትችል ነገረችኝ። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ በእውነት ስለገረማት፣ «አንቺ ግን ከኢትዮጵያ ነሽ አይደል? የአንቺ አገር ታሪክ አይደለም እኮ» አለችኝ።

ለዚህ ምን ይመለሳል? ሰው ለመናደድ የሚበቃው የራሱ ቤት ሲዘረፍ ብቻ ከሆነ ታሪክ የሚባል ትምህርት ምን ይሠራል? ይህን ሁሉ ያሰብኩት ደረጃውን ስወርድ ነው። እፊቷ ያልኩት አመሰግናለሁ ብቻ ነው።

ክሬዲቱን አለፍኩ፤ ውጤቴ ግን ለመምህርነት ሥልጠናው አልበቃም። አንድ ዓመት ጨምሬ ሌላ ትምህርት ቤት ሌላ ኮርስ ወስጄ ነው የገባሁት። ክሬዲቱን ባለፍኩ በጥቂት ወራት ውስጥ ከአስተማሪው ኢሜይል ደረሰኝ። ስለ ነገርኩት ብዙ ማሰቡን፣ ጨዋታውንም ማሻሻሉን ጽፏል። ከእንግዲህ ሹሞቹ አንፈርምም ማለት ይችላሉ፤ ያልፈረመ ቡድንም ሙሉ ማርክ ያገኛል። ማንም ግፊት እንዳይሰማው ስለ ጦር መርከቦቹ የሚናገረውን ክፍል አውጥቶታል።

ኢሜይሉን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሰውዬው ደክሞበታል፣ ቅን ልብ አለው፤ ቅንነቱ ነው ይበልጥ ያናደደኝ። ሹሞቹ እኮ እምቢ ብለዋል። እምቢ ስላሉ ነው መርከብ የመጣባቸው። እንዲህ ብዬ መለስኩለት፤ ሐሳብሽን ስላካፈልሽኝ አመሰግናለሁ የሚል አጭር መልስ ላከልኝ።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ አዛውንቱን ጄራርድና ብሮድቪው ጥግ፣ የቻይናዎቹ አትክልት መሸጫ ደጃፍ ላይ አገኘኋቸው። ከልጃቸው ጋር ነበሩ። እንግሊዝኛቸው ተሻሽሏል። ስለ አዲሱ ጨዋታ ነገርኳቸው። ጎመን እየመረጡ ሰሙኝና፣ መርከቦቹ አሁንም ይመጣሉ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ከጨዋታው ወጥተዋል አልኳቸው።

«ታዲያ እምቢ የሚሉት ማንን ነው?» አሉኝ።

ልጃቸው ምን እያወራን እንደሆነ በቋንቋቸው ጠየቀቻቸው። ሲያስረዷት ቆዩ። እኔም እዚያው ቆሜ፣ የማልሰማውን ቋንቋ እያዳመጥኩ፣ እሳቸው ጨርሰው ሂሳብ ሊከፍሉ እስኪገቡ ድረስ ጠበቅኩ።