ጨው ያልጎደለው ሾርባ

ሚናትን ዛሬ የሚያያት ሰው፣ «ይህች አሮጊት በገዛ ቤቷ አሥራ ሰባት ዓመት አፏን ዘግታ ኖራለች» ቢሉት ይስቃል እንጂ አያምንም። አሁንማ ማን ይችላታል! ወደ ከተማ ከወረደች ወዲህ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት ሥር ተቀምጣ፣ ከነጋ እስኪመሽ ስታወራ ትውላለች። ከዳቦ ሻጯ ጋር፣ መርፌ ከምትወጋት ነርስ ጋር፣ ሰው ከጠፋም ከማሞቂያው ቧንቧ ጋር። የልጇ ሚስት «እማማ፣ ምላስዎን ትንሽ ያሳርፉት እንጂ» ስትላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እሱ ድሮ አርፎ ጨርሷል፣ የኔ ልጅ።»

እውነቷን ነው። እኛ የሳውዱር ሰዎች እናውቃለን። ተራራ ላይ ያለችው መንደራችን ዛሬ ባዶ ናት። የድንጋይ ግንቦቹ ቆመዋል፣ የቤቶቹ ጣራ ግን ወድቋል፤ ሽማግሌዎች ይቀመጡበት የነበረው የሸንጎ ድንጋይ ላይ ፍየል ይተኛበታል። ስለዚህ ከተማ ውስጥ በተገናኘን ቁጥር ስለ ሳውዱር እናወራለን፤ ስለ ሳውዱር ካወራን ደግሞ ስለ ቢምቦላት ሳናነሣ አንለያይም። ቢምቦላት ከተነሣ ሚናት ትነሣለች።

ሚናት የቢምቦላት ልጅ ሚስት ሆና ሳውዱር የገባችው ትልቁ ጦርነት ባለቀ በስድስተኛው ዓመት፣ በመከር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ባሏ ታታርካን የኅብረት እርሻው መኪና ነጂ ነበር፤ ደግ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚሄድ ሰው። አባትየው ግን ሌላ ፍጥረት! ቢምቦላት የተጣላ የሚታረቅበት፣ ግራ የገባው የሚጠይቀው፣ አነጋገሩ ከሸለቆ ሸለቆ የሚዞር ሰው ነበር። ረጅም ንግግር አይወድም። አንዱ ልጁን ገና በአሥራ ስድስት ዓመቱ ሊድር ሲጣደፍ «ፈጥኖ የሚሮጥ ወንዝ ባሕር አይደርስም» ይለዋል፤ አለቀ። ሌላው ጎረቤቱን ሊከስ ሲመጣ «የጎረቤት ጭስ ዐይን ያቃጥላል፤ የጠፋ ቀን ግን ልብ ያቃጥላል» ይለዋል። ከሳሹ ቢራውን ጠጥቶ፣ ክሱን ውጦ ይመለሳል።

በእኛ ዘንድ ሙሽራ ከባሏ አባት ጋር አታወራም። ፊቱ አትቀመጥም፣ ስሙን አትጠራም፣ ድምጿን አታሰማውም። ዛሬ የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ክብር ነበር፣ ጭንቅም ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነው። ይህ ነገር የሚያበቃው ሽማግሌው ራሱ ስጦታ ገዝቶ «በይ ልጄ፣ ከእንግዲህ ተናገሪ» ያላት ቀን ነው። አንዱ በዓመቱ ይላል፣ አንዱ የልጅ ልጅ ሲያይ ይላል። ቢምቦላት ግን ዓመቱ ሲሞላ አላለም፤ አዛው የምትባለዋ ልጇ ስትወለድም አላለም። በየበዓሉ እንደ ልማዳችን ሦስቱ አይብ የተሞሉ ቂጣዎች ቀርበው፣ እሱ ቢራውን አንሥቶ ጸሎቱን ሲጨርስ፣ ሚናት በር ሥር ቆማ እጆቹን ታያለች። ዛሬ ከኪሱ አንድ ነገር ያወጣ ይሆን? ሁልጊዜ የሚያወጣው የትምባሆ ከረጢቱን ብቻ ነበር።

አዛው አፍ ከፈታች በኋላ መልእክተኛዋ እሷ ሆነች። ሽማግሌው እዚህ፣ ሚናት ሦስት እርምጃ ራቅ ብላ፣ ልጅቱ በመካከል።

አንድ ቀን ከታችኛው ሸለቆ ትልልቅ እንግዶች መጡ። ሚናት የበግ ሾርባ ሠርታ አቀረበች። ቢምቦላት መጀመሪያ ከጨው ውኃ የወጣ አይብ ጎርሶ፣ ከዚያ ሾርባውን ቀመሰና፣ እንግዶቹ ፊት፣

«አዛው፣ ለእናትሽ ንገሪያት። ሾርባው ጨው ጎድሎታል» አለ።

ሚናት ፊቷ እሳት ሆነ። በገዛ እጇ የጨመረችው ጨው ነው! ጎንበስ ብላ በልጅቱ ጆሮ አንሾካሾከች። «ጨው አልጎደለውም በያቸው። አስቀድመው አይብ ስለበሉ ነው በያቸው።»

አዛው አራት ዓመቷ ነበር። መልእክቱ ረዘመባት። አያቷን አየች፣ እናቷን አየች፣ የእንግዶቹን ጢም አየች።

«እሺ ትላለች» አለች።

እንግዶቹ ሣቁ። ሚናት ጨው አመጣች። ምን ታድርግ! ግን ያቺን ሾርባ አልረሳቻትም፤ ላም ስታልብ፣ ሱፍ ስትፈትል፣ መልሷን በልቧ ትደጋግመዋለች።

ዝምታዋ ግን አንድ ነገር ሰጣት። ሌላው ሰው ሲነግሩት ምን ልመልስ እያለ ነው የሚሰማው። ሚናት የምትመልሰው ስላልነበራት የተባለውን ሁሉ ያዘች። ቢምቦላት በየትኛው ዓመት ለማን ምን እንዳለ፣ ያን ቀን ዝናብ ይዘንብ እንደነበር እንኳ ታውቃለች። ትወደው ነበር፤ ትናደድበትም ነበር። በዓለም ላይ የምትመኘው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ ከመሞቱ በፊት አንድ ቀን «ተናገሪ» እንዲላትና ድምጿን እንዲሰማ።

በአሥራ ሰባተኛው ዓመት፣ በሣር አጨዳ ወራት፣ ቢምቦላት ሰባ ስድስት ዓመቱን ይዞ «እኔስ ከማን አንሼ» ብሎ ማጭድ አንሥቶ ገደሉ አፋፍ ወጣ። እኩለ ቀን ላይ ወደቀ። በበግ ጠጉር ካባ ተሸክመው አወረዱት። ቀኝ ጎኑ ሞተ፣ ምላሱ ታሰረ። ያ ሁሉ ጥበብ ያወጣ የነበረ አፍ «እ... እ...» ብቻ ቀረው።

ሚናት ከላሟ ሆድ ሥር ተቀምጣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ለእሱ አለቀሰች፤ ለራሷም አለቀሰች። ፈቃድ በአፍ ነው የሚሰጠው፤ አፉ ደግሞ ተዘጋ። እንግዲህ እሱም ሳይል፣ እሷም ሳትናገር መቃብር ሊገባ ነው።

መከር ሲገባ ጋፖና ቤቺር የሚባሉ ወንድማማቾች ተጣሉ። አባታቸው ሞቶ ቤት ሊካፈሉ ነበር። ላሞቹን ተካፈሉ፣ የቢራውን የመዳብ ጋኖች ተካፈሉ፤ የምድጃው ሰንሰለት ላይ ሲደርሱ ነገር ተበላሸ። ከጣራው እንጨት ወርዶ ድስት የሚንጠለጠልበት ሰንሰለት የቤቱ ነፍስ ነው፤ በእሱ ይማላል፣ ሙሽራ እሱን ዞራ ትገባለች። ታላቅየው ጋፖ ሆዬ፣ ወንድሙ በሌለበት ሰንሰለቱን ነቅሎ ወደ አዲሱ ቤቱ ሊሄድ ትከሻው ላይ ጣለው። ከዚህ የባሰ ነውር እኛ ዘንድ የለም። ቤቺር መጥረቢያ ይዞ ተከተለው። እየተሰዳደቡ፣ ግማሽ መንደር አስከትለው፣ እግራቸው እንደለመደው ቢምቦላት ደጅ ደረሱ። ሽማግሌው ፀሐይ ላይ ተቀምጧል።

«ይፍረዱልን!» አለ ቤቺር። «ሌባ ነው ይህ!»

«የአባቴን ሰንሰለት ብወስድ ነው ሌባ? አንተ አፈ ሰፊ!»

ቢምቦላት አፉን ከፈተ። ደም ሥሩ ተገተረ። «እ... እ...» አለ። መላው ሰው መሬት መሬት አየ።

«እንግዲህ ሽማግሌውም ዝም ካሉ፣ መጥረቢያው ይናገራል» አለና ቤቺር እጁን አነሣ።

ሚናት የመጠጥ ማሰሮ ይዛ በሩ ላይ ነበረች። ማሰሮውን መቼ እንዳስቀመጠችው አታውቅም። ሻሿን ከራሷ ገፍፋ በሁለቱ መካከል ወረወረችው። የሴት ሻሽ ረግጦ የሚያልፍ ወንድ ሳውዱር አልተወለደም፤ ሁለቱም ባሉበት ደረቁ። እዚህ ላይ ወደ ቤት መመለስ ነበረባት። ልማዱ ይኸው ነው። አልተመለሰችም።

«የቤታችን ትልቅ የሚሉትን እኔ ልንገራችሁ» አለች። ድምጿ ሻክሮ ወጣ። «ትልቁ በረዶ በወረደ ዓመት፣ እዚሁ ደጅ፣ ርስት ሊካፈሉ ለመጡ ሰዎች ምን አሉ? ‹ሰንሰለት ከመካከሉ ሲቆረጥ ሁለት ሰንሰለት አይሆንም፤ ሁለት ቁራጭ ብረት ነው› አሉ።»

«እሱንስ ሰማን» አለ ጋፖ። «ማን ይውሰደው ታዲያ?»

ይህን ቢምቦላት ለማንም ተናግሮ አያውቅም። ሚናት አሥራ ሰባት ዓመቷን ሁሉ ፈትሻ አጣችው። ከዚያ አፏ ራሱ ተናገረ።

«ሰንሰለቱ ከተሰቀለበት አይወርድም። የሚወጣው ፍሙን ይዞ ይወጣል።»

ቤቺር መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። ጋፖ ሰንሰለቱን ከትከሻው አወረደና ለወንድሙ ሰጠው፤ ሲመሽም ከአባቱ ምድጃ ፍም በሸክላ ይዞ ወደ አዲሱ ቤቱ ሄደ። ሰዉ ሁሉ «አይ ቢምቦላት! ምላሱ ታስሮም ይፈርዳል!» እያለ ተበተነ።

ሚናት ጸጉሯ ተገልጦ ደጁ መካከል ቀረች። አሁን ነው የደነገጠችው። አማቷ ዳውካን ከቤት ወጥታ የገዛ ጉንጯን ያዘች።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሻል! ሳይፈቅድልሽ! እሱ ፊት!»

ሚናት አንገቷን ደፋች። ይኼኔ ቢምቦላት በግራ እጁ ከዘራውን መሬት ላይ መታ። ወደ ቤት ጠቆመ፤ ወደ ሣጥኑ። ዳውካን አየችው፣ ፊቷ ተለወጠ፣ ገብታ አንድ ጥቅል ይዛ ወጣች። ቡናማ የሱፍ ሻል ነበር፤ ዘርፉን ብል በልቶታል።

«ይኸውልሽ» አለች ዳውካን። «በገባሽ በሁለተኛው ዓመት ነው ከከተማ የገዛው። በየበዓሉ ያወጣዋል፣ በየበዓሉ መልሶ ይከተዋል። ‹ስጣት እንጂ አንተ ሰው፣ ምን ትጠብቃለህ› ብለው ምን ይለኛል? ‹ዳውካን፣ በዚህ መንደር ሁሉም ሊያናግረኝ ነው የሚመጣ። የሚሰማኝ እሷ ብቻ ናት። አፏን ከፈታሁላት ማን ይሰማኛል?›»

አሥራ ሰባት ዓመት! ለዚህ! የሚናት ደም አናቷ ላይ ወጣ። ጮኻ ልትሰድበው ምንም አልቀራትም። ቀና ስትል ግን በግራ ዐይኑ እንባው ይወርዳል። ሻሉን በደህና እጁ አንሥቶ ትከሻዋ ላይ ሊያደርግላት ሞከረ፤ ተንሸራተተ። ደግሞ ሞከረ። እንዲደርስላት ተንበረከከችለት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ «ልጄ» ሊል ነበር፣ አልወጣለትም።

ለዚህች ቀን ስንት ያማረ ቃል አዘጋጅታ ነበር! ምርቃት፣ ምስጋና። ሁሉም ጠፋባት።

«አባባ» አለች፣ «ያን ዕለት ሾርባው ጨው አልጎደለውም ነበር። አስቀድመው አይብ ስለበሉ ነው።»

ቢምቦላት አፈጠጠባት። ከዚያ ግማሽ ፊቱ ሣቀ፤ ወንበሩ እስኪንቀጠቀጥ ሣቀ። ዳውካን «ሁለቱም አበዱ!» ብላ ወደ ጓዳ ሮጠች።

ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት ኖረ። ሚናት አወራች፣ እሱ ሰማ። የሱን ተረቶች ትጀምራለች፤ ከተሳሳተች ጣቷን ይጨምቃል። አንድ ቀን ተናዘዘች።

«አባባ፣ የፍሙ ነገር የእርስዎ አይደለም። ከራሴ ነው ያወጣሁት። ዋሸሁብዎ።»

ሽማግሌው ጣቱን ወደ ጆሮው ወሰደ። ከዚያ ወደ እሷ ጠቆመ፣ «ሰምቼሻለሁ» እንደሚል ሰው ራሱንም ነቀነቀ። በዚያው ዓመት በረዶው ሲቀልጥ ሞተ።

ባለፈው ወር የልጅ ልጇ ቶትራዝ ለሥራ ወደ ሩቅ ሰሜን ሊሄድ መሸኛ ተደረገለት። ሦስቱ ቂጣዎች ቀረቡ። የማዕዱ አለቃ ብድግ ብሎ ቢራውን አንሥቶ፣ «ልጄ፣ የሳውዱሩ ቢምቦላት እንዳለው፣ የሚወጣው ፍሙን ይዞ ይወጣል!» አለ። ወንዶቹ «አሜን» አሉ።

ከሚናት ጎን ወጥ ቤት በር ላይ የቆመችው አዛው፣ ዛሬ እሷም አያት ናት፣ የፍሙንም ነገር ከእናቷ አፍ ሰምታለች፣ ወደ ማዕዱ ልትገባ እግሯን አነሣች። ሚናት ቀሚሷን ያዘቻት።

«ተይ።»

«እማዬ፣ ያንቺ'ኮ ነው! ስምሽን ይጥሩት እንጂ!»

«የሚሰማኝ ሰምቶኛል። አንቺ ደግሞ ያኔ በልጅነትሽ ያላደረስሽውን መልእክት ዛሬ ማን አድርሺ አለሽ?»

ቶትራዝ ሻንጣውን ይዞ ሊሰናበታት ጎንበስ ሲልላት፣ ሚናት ቤቱን ዞር ዞር ብላ አየች። ምድጃ የለም፤ ቧንቧ ብቻ። «ፍም ከየት ላምጣልህ?» አለችና ብል የበላውን ሻል ከትከሻዋ አውልቃ ሻንጣው ውስጥ ከተተችለት። ያን ቀን እስኪመሽ ከማሞቂያው ጋር እንኳ አላወራችም።