አባቴ ያልላከው ቃል

እግዚአብሔር በውሸታም አፍ ይናገራል? ይህን ጥያቄ ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ ይዤው ኖሬአለሁ። ዛሬም መልሱን አላውቅም።

ባለፈው እሑድ እዚሁ አምቦ ቤተ ክርስቲያን ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ልጅ እግር ሴት ለምስክርነት ወጣች። "በደርግ ጊዜ አንድ የታሰረ ወንድም ለአራስ ሚስቱ ከእስር ቤት ቃል ላከላት" ብላ ጀመረች። የማንን ታሪክ እንደምትናገር ወዲያው ገባኝ። ስም አልጠራችም፤ ስሙን አታውቀውም። ጉባኤው "አሜን!" አለ። ያ ቃል የእኔ ነው። የላከው ሰው አልነበረም።

አባቴ ኦቦ ደበላ አናጢ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ የቀበሌው የእህል መጋዘን ከሆነች በኋላ ምእመናኑ በየቤቱ በተራ እየተሰበሰቡ፣ መዝሙሩን በሹክሹክታ እየዘመሩ ይጸልዩ ነበር። ግንቦት ላይ፣ ተራው የእኛ ቤት በደረሰ ዕለት፣ መጥተው ወሰዱት። እናቴ ያኔ የስምንት ወር እርጉዝ ነበረች።

ስንቅ ማቀበል የእኔ ሥራ ሆነ። እስር ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አንድ ጉርሻ ያስቀምሰኛል፤ ምሳ ዕቃው ይገባል፤ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ተቀብዬ እመለሳለሁ። የእስረኛ ቤተሰብ ሌላ ወሬ አልነበረውም። ዕቃው ባዶውን ከመጣ ሰውየው አለ። እናቴ ክዳኑን ከፍታ ታይና "ተመስገን" ትላለች፤ ከዚያ በኋላ ነው ለራሷ እህል የምትቀምሰው።

ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ መንገዱን ጭቃ ባደረገበት ሰሞን፣ ዘበኛው ዝርዝሩን አይቶ ቀና እንኳ ሳይል "የደበላን ስንቅ ከእንግዲህ አታምጪ" አለኝ። እንዲህ የተባለለት እስረኛ መገደሉን አምቦ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን አልነበረም።

ምሳ ዕቃዎቹን ወደ ውስጥ የሚያስገባው ጋሽ ሸምሱ የሚባል እስረኛ ነበር። ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጥ ነበር፤ ዘመዶቹ ሩቅ ደቡብ ስለሆኑ ስንቅ የሚያመጣለት የለም። ዘበኛው ዘወር ሲል ጠጋ አለኝ።

"እናትሽ ወለደች?"

"ገና ናት።"

"ያ አላህ!"

"ጋሽዬ፣ እርስዎ ይብሉት። ሙሉውን ይዤ ከተመለስኩ ታውቃለች።"

ዕቃውን ተቀበለኝ፤ ከዚያ ወዲያ ስንቁ በእሱ ስም ገባ። እስክትወልድ ብቻ ብዬ ነበር። ከወለደች በኋላ ደግሞ እስክትጠነክር አልኩ።

እህቴ ሌንሴ በሐምሌ መባቻ ተወለደች። ጎረቤት አዋጥቶ በግ አረደ። እናቴ ከሥጋው ምርጥ ምርጡን ለይታ "ከእኔ አፍ በፊት እሱ ይቅመስ" ብላ በምሳ ዕቃው ሞላችው። ጋሽ ሸምሱ ግን ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። ሁሉቃ ወንዝ ድልድይ ሥር ቁጭ ብዬ ራሴ በላሁት። እያለቀስኩ በላሁት ብል ደስ ባለኝ። አላለቀስኩም፤ ጣፈጠኝ።

ጋሽ ሸምሱ ዕቃውን አጥቦ ይመልስ ጀመር። እናቴ ሳቀች። "አየሽልኝ ኢንታሎ፣ ልጄ! እቤቱ ማንኪያ አጥቦ የማያውቅ ሰውዬ! እስር ቤት ሰው አደረገልኝ።"

ረመዳን በዚያ ዓመት ክረምቱ ላይ ዋለ። ጋሽ ሸምሱ "ልጄ፣ የምበላው ጀምበር ስትጠልቅ ነው፤ ዕቃውን በነጋታው ውሰጂ" አለኝ። ባዶ እጄን ገባሁ። እናቴ በአንድ ጊዜ አመድ መሰለች።

"ዕቃውስ?"

"ማታ ነው የሚበላው" አልኩ። እውነቴን ነበር።

ፊቷ ቀስ እያለ በራ። "ይጾማል! ቤተ ክርስቲያኗ እስክትከፈት ስለት ገብቶ ነው። አውቀዋለሁ፤ እሱ እንዲህ ነው።" ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷም እስከ ማታ እህል አልቀምስ አለች። ያውም አራስ።

በሁለተኛው ሳምንት ጡቷ ደረቀ። ሌንሴ ጡት ትይዛለች፣ ትለቃለች፤ በኋላ ማልቀሱንም ተወችው። ያዋለደቻት አደ ወርቄ ሕፃኗን አገላብጣ አይታ ጮኸች።

"አንቺ ሴት፣ ይቺ ልጅ መስቀልን አታይም እኮ! ብዪ!"

"እሱ እዚያ እየጾመ?"

"እሱ ጡት አያጠባ!"

እናቴ አልበላችም። "እግዚአብሔር ያየዋል" አለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትጸልይ ጀመር። እውነቱን መናገር ያኔ ነበረብኝ። ብነግራት ጾሙ ይቀራል፤ እሷ ግን በዚያ አቅሟ ሐዘኑን የምትችል አልመሰለኝም። በማግስቱ ከስንቅ ስመለስ በሩ ላይ እንደቆምኩ ለእናቴ ተናገርኩ።

"አዮ፣ ዛሬ በአጥሩ በኩል አየሁት። 'እናትሽን ብዪ በያት፤ የልጄን ጾም እኔ እጾማለሁ' አለኝ።"

ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። አላሰላሰልኩትም። እናቴ መሬቱን ስማ ተነሣች፤ አደ ወርቄ ያቀረበችላትን የአጃ አጥሚት በሁለት እጇ ይዛ ጠጣች። በሳምንቱ ወተቷ ተመለሰ። በተራ ጸሎቱ ቤት፣ መጋረጃው ተጋርዶ፣ በዝግታ መሰከረች። "መልስ እንዲሰጠኝ ለምኜ ነበር፤ በባሌ አፍ መለሰልኝ።" ሁሉም አለቀሱ። እኔም "አሜን" አልኩ።

ጋሽ ሸምሱ መስከረም ላይ ሲፈታ ለእናቴ "አባን ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ ስንቅ አይቀበሉም" አልኳት። ከዚያ ወዲያ መዋሸት አላስፈለገኝም፤ ዝም ማለት በቂ ነበር። ደርግ ወድቆ እስር ቤቶች ሲከፈቱ፣ ቤተ ክርስቲያናችንም ስትመለስልን፣ እናቴ በየቀኑ መኪና ተራ እየሄደች ከአዲስ አበባ የሚመጣውን አውቶቡስ ትጠብቅ ነበር። ረዳቶቹ ለመዷት፤ "እማማ፣ ዛሬም የሉም" ይሏታል። "ቃል የላከ ሰው ይመጣል" ትላቸዋለች። በሁለተኛው ክረምት የሳንባ ምች ወሰዳት። አልነገርኳትም።

ትምህርት ቤት የገባሁት ዘግይቼ፣ ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ልጆች ጋር ነው። ማንበብ ስችል መጀመሪያ የፈለግሁት የእኔን ጥያቄ ነበር። ለፈርዖን የዋሹትን አዋላጆች አገኘሁ፤ ረዓብንም አገኘሁ። እነሱ የዋሹት ግን ለጠላት ነው። እኔ የዋሸሁት ለእናቴ ነው። ልጇን አተረፍኩላት፤ የባሏን ሞት ግን እንድታለቅስ አላደረግኳትም። የቱ ይበልጣል? እሷን በዚያ ሁሉ ዓመት ያቆማት እምነቷ ነው ወይስ የእኔ ወሬ? ሁለቱን ለያይቼ ማየት አልቻልኩም።

ከምስክርነቱ በኋላ ወደ ቤቴ አልሄድኩም፤ ሌንሴ ቤት ሄድኩ። ምስር እየለቀመች ነበር። ምንም ሳላስቀር፣ የበላሁትን ሥጋ እንኳ ሳልደብቅ፣ ነገርኳት። እስክጨርስ ከሰፌዱ ላይ ቀና አላለችም።

"'የልጄን ጾም እኔ እጾማለሁ' አላለም?"

"አላለም።"

"ከአባቴ ያለኝ እኮ እሱ ቃል ብቻ ነበር" አለች።

ሰፌዱን አስቀመጠች። ተነሥታ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰችና መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። እኔም አጠገቧ ተቀመጥኩ። ለአባታችን ሲለቀስ የመጀመሪያው ነበር።

የጎረቤቷ ሴትዮ ድምፁን ሰምታ እየሮጠች ገባች። "ኤኙቱ ዱኤ? ማን ሞተ?"

"አባቴ" አለች ሌንሴ።

"ውይ! መቼ?"

ሌንሴ ዓይኗን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። "አንቺ ንገሪያት" አለችኝ።

ነገርኳት።